የመርዶው ግሩፕ

«እኔ ቅናት የሚባል ነገር አላውቅም» የሚሉ ሰዎች ያስቁኛል። እኔ ቀናተኛ ነኝ። አንዳንዱ ሰው ቁርጥማት እንዳለበት እኔም ይሄ አለብኝ፣ አልደብቅም። ያን ጊዜ ደግሞ ብሶብኝ ነበር። ቦሌ ላይ ነጋ ጠባ አዲስ ፎቅ የሚመረቅበት ዘመን ነው። ትናንት አብሮሽ ታክሲ ሲጋፋ የነበረው ዛሬ በራሱ መኪና ጥሩምባ ነፍቶብሽ ያልፋል። ሁሉም ሰው የሆነ ቦታ ደርሶ እኔ ብቻ የጎሮ ታክሲ ሰልፍ ላይ የቀረሁ ይመስለኝ ነበር።

ዓይኔ የቀላው ግን በባለፎቁም በባለመኪናውም አይደለም። በጓደኛዬ ነው።

ከእሷ ጋር የተቀጠርነው በአንድ ቀን ነው። መሥሪያ ቤታችን ከኢምፔሪያል ትንሽ ወረድ ብሎ ባለ መስታወት ፎቅ፣ አራተኛው ላይ ነበር። ሥራችን ውጭ አገር ላለ ኩባንያ የደንበኞችን ስልክ መመለስ ነው። ጆሯችን ላይ ማዳመጫ ሰክተን፣ «ምግቡ ዘገየብኝ፣ ዕቃው ተሰብሮ መጣብኝ» የሚል ፈረንጅ በእንግሊዝኛ ስናባብል እንውላለን። ደንበኛው እኔ ሰፈር ውኃ ከጠፋ አራት ቀን መሆኑን አያውቅም። እኔ ግን የቤት ቁጥሩን፣ ማታ ማታ የሚበላውን፣ ሚስቱን ፈቶ አዲስ ቤት መግባቱን ሳይቀር አውቃለሁ። ሁሉም ስክሪኑ ላይ ተዘርግቶልኛል። ሰው እንዴት ይሄን ሁሉ ለማያውቀው አሳልፎ ይሰጣል እያልኩ እገረም ነበር። እነዚህን የኮምፒውተር ነገሮች መጠራጠር የጀመርኩት ያኔ ነው።

እኛ ራሳችን ጠዋት ስንገባ ስልካችንን በር ላይ ባለ ሳጥን ውስጥ እንቆልፋለን። የደንበኛ ምስጢር እንዳይወጣ ነው ይሉናል። ምሳ ላይ ለግማሽ ሰዓት እናገኘዋለን፣ ከዚያ እስከ ማታ ድረስ አይታሰብም። እናት ብትታመም፣ ቤት ቢቃጠል፣ የምትሰሚው ስትወጪ ነው።

ስድስት ዓመት ከአንድ ምሳ ዕቃ በልተናል። እኔ የዘወትር ሽሮዬን አመጣለሁ፣ እሷ ሁልጊዜ ቃሪያ ትረሳለች፣ ሁልጊዜ እንጣላለን። እሷ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፣ እዚህ ቦሌ ሚካኤል ሰፈር፣ አንድ ግቢ ውስጥ ቤት ተከራይታ ነው የምትኖረው። ሁለት ጊዜ አገሯ ወስዳኝ ወላጆቿ ቤት አድሬያለሁ። አባቷ ቀጠን፣ ረዘም ያሉ፣ ደህና ነገር ሲያወሩ እንኳን የሚጣሉ የሚመስሉ ሰው ነበሩ። ልንመለስ ስንል መኪናው ድረስ ሸኝተውን እኔን ለብቻዬ ጠሩኝና «ልጄን አደራ። የኔ ልጅ ኮስታራ ትመስላለች እንጂ ሆደ ባሻ ናት» አሉኝ። «አያስቡ አባባ፣ እኔ አለሁላት» አልኳቸው።

አለሁላት! ወይ እኔ።

ሥራ አስኪያጃችን ውጭ አገር ኖሮ የተመለሰ ሰው ነበር። «እዚህ አለቃ የለም፣ እኛ ቤተሰብ ነን» ማለት ይወዳል። አንቱታም ከልክሎ ነበር። ስልሳ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸውን ገንዘብ ያዣችንን ሳይቀር አንተ በሉ አለን። እኛ ግን «ጋሼ፣ እርስዎ» ማለታችንን አላቆምንም፤ እሱ ሲመጣ ዝም፣ እሱ ሲሄድ እርስዎ።

አንድ ቀን ሰብስቦን አዲስ ሲስተም አመጣሁላችሁ አለ። ከእንግዲህ ወረቀት የለም፣ ኢሜይል የለም፤ መልእክቱም፣ የሥራ ክፍፍሉም፣ ስሜታችሁም እዚህ ነው አለ። ስሜታችንም! ጠዋት ጠዋት ከሚስቅ ፊትና ከሚያለቅስ ፊት አንዱን መርጠን መጫን አለብን። «ይሄ ሁሉ የት ነው የሚቀመጠው?» አሉ ጋሼ። «ደመና ላይ ነው» አላቸው ሥራ አስኪያጁ በኩራት። ጋሼም «እንግዲህ ደመና ላይ የወጣ ነገር አንድ ቀን መዝነቡ አይቀርም» ብለው ቤቱን አሳቁት።

እኔ አልሳቅኩም። መመሪያውን ቤቴ ወስጄ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ማንም ያላነበበውን ነገር ማንበብ ልማዴ ነው። እዚያ መሀል አንድ ነገር አገኘሁ። የቡድን መሪ የሆነ ሰው፣ የቡድኑ አባላት ያሉበት ግሩፕ ሁሉ፣ እሱ ባይጨመርበትም፣ ይታየዋል ይላል። በማግስቱ ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ። «ይሄ ማለት እኮ እኛ ለብቻችን ነው የምናወራው ስንል አለቃ ያነባል ማለት ነው» አልኩ።

«የምትደብቂው ነገር አለሽ እንዴ?» አለኝ ሥራ አስኪያጁ እየሳቀ።

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። የሚገርመው እሷም ሳቀች። መሳቅ ብቻ መች ሆነና! «እሷ እኮ የባንክ ካሜራ ካየች መንገድ ትሻገራለች!» ብላ ጨመረችበት። ቀልድ ናት፣ ገብቶኛል፤ በሌላ ቀን ብትለው እኔም እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን አንጀቴ አረረ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የቡድን መሪ ተብላ ተሾመች። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እኔ ደግሞ በመናገሬ ነው የቀረብኝ። በቁጥርም፣ በእንግሊዝኛም፣ በምንም አትበልጠኝም ነበር። የምትበልጠኝ በአንድ ነገር ነው፤ የሚስቀውን ፊት በየቀኑ ትጫናለች። መግቢያው ላይ ባለው ትልቅ ስክሪን ፎቶዋ «የወሩ ኮከብ» ተብሎ ወጣ። ጠዋት ስገባ እሷ፣ ለምሳ ስወጣ እሷ፣ ማታ ስልኬን ከሳጥን ሳወጣ እሷ። ወንበሯ ወደ መስኮቱ ዞረ፣ ከእኔ በስተፊት፣ ሦስት እርምጃ ብቻ ርቃ። ምሳ ላይ «ነይ እንጂ» ስትለኝ «ሥራ አለብኝ» ማለት ጀመርኩ። መጀመሪያ ትለምነኝ ነበር። በኋላ ተወችኝ፤ መተዋም አናደደኝ።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልናገር። ሰው ሁሉ ፎቶውን የሚለጥፍበት ገጽ ውስጥ ፈጽሞ አልገባም ብዬ ስፎክር የኖርኩት እኔ፣ አንድ ቅዳሜ ቤቴ ቁጭ ብዬ በውሸት ስም፣ በአበባ ፎቶ ገጽ ከፈትኩ። የእሷን ለማየት ብቻ ነው። ገና ከፍቼ ሳልጨርስ «ይህቺን ሰው ታውቂያት ይሆናል» ብሎ አንደኛ ያመጣልኝ ማንን መሰላችሁ? እሷን! ማን ነገረው? ስሜ ውሸት፣ ፎቶዬ አበባ። ደንግጬ ስልኬን ፍራሽ ላይ ወረወርኩት። ከዚያ አነሳሁትና እስኪመሽ ድረስ የእሷን ፎቶዎች ሳይ ዋልኩ። አንዱ ላይ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብላ ጽፋለች። ታክሲ ላይ ሁሉ የሚለጠፍ አባባል ነው፣ ለማንም ሊሆን ይችላል። እኔ ግን በቀጥታ ለእኔ የተላከ ነው የመሰለኝ፤ ደግሞም ልክ ነበርኩ፣ ምቀኛዋ እዚያው ቁጭ ብላ እያየቻት ነበር።

በዚህ መሀል አባቷ ታመሙ። ምሳ ላይ ስልኳን ስታገኝ መጀመሪያ የምትደውለው ለእሳቸው ነበር። ኮሪደር ላይ ጥግ ይዛ «አባዬ፣ በላህ? ትንሽም ቢሆን ብላ» ስትል እሰማታለሁ። ጠጋ ብዬ «እንዴት ናቸው?» ማለት አቃተኝ። ለእኔ ቀድማ ያልነገረችኝን ነገር ምን ብዬ ልጠይቃት እያልኩ እብሰከሰካለሁ። ኤዲያ! ሰው አባቱ ታሞበት ማንን ቀድሞ ልንገር እያለ ተራ ይይዛል?

ሐሙስ ቀን ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ የሰው ኃይል ክፍሏ ልጅ፣ ከተቀጠረች ሦስት ወር ያልሞላት፣ እየዞረች አንድ አንዳችንን ወደ ኮሪደር ትጠራ ጀመር። የእኔ ተራ ሲደርስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «የአለቃሽ አባት ዛሬ ጎሕ ሲቀድ አረፉ። ወንድሟ በቢሮው ስልክ ደውሎ ነው» አለችኝ። እሷ እንዳትሰማ፣ ስልክም እንዳትነካ ማታ የሳጥኗ ቁልፍ ጠፋ እንደሚባል፣ ነገ ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሽማግሌዎች ቤቷ ሄደው መርዶውን እንደሚነግሯትና ከዚያው በመኪና ለቀብር እንደሚወስዷት አስረዳችኝ።

መርዶ ወግ አለው። ሰው አባቱ መሞቱን ለብቻው ቆሞ አይሰማም። የሚደግፈው ሰው ከጎኑ ይቀመጣል፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ይናገራል፣ ጎረቤት በር ላይ ይጠብቃል። ለዚህ ሲባል ልጅ እየሳቀ ይዋል፣ ይብላ፣ ይደር ይባላል። ደግነቱ የእኛ ቢሮ ለዚህ የተመቸ ነበር፤ ስልክ ተቆልፏል፣ ዘመድም ጎረቤትም ሊደርስባት አይችልም።

እኔ ግን እንባዬ ሳይመጣ መጀመሪያ የመጣብኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ወንድሟ ስልኬ አለው፤ ለምን ለእኔ አልደወለም? እኔ ከአስራ ምናምን ሰው ስድስተኛ ሆኜ፣ ያውም ከአዲስ ገቢ ልጅ አፍ ልስማው? ልቤ ውስጥ የገባው ይሄ ነው።

ሥራ አስኪያጁ በሆነ ባልሆነው ምክንያት እሷን ይዞ መስታወቱ ክፍል ውስጥ ገባ፤ ምሳዋንም እዚያው አስመጣላት። እኛ ደግሞ ከስልኩ መነሳት አንችልም፣ ቆመን መመካከር አንችልም፣ የእጅ ስልካችን ሳጥን ውስጥ ነው፤ ወሬው እንዳይወጣ ተብሎ ያን ቀን ለምሳ እንኳን አልተከፈተልንም። ስለዚህ የሰው ኃይሏ ልጅ በሲስተሙ ላይ «የነገው ፕሮግራም» የሚል ግሩፕ ከፈተች፣ ከጓደኛዬ በስተቀር የቡድኑን ሰው ሁሉ፣ ጋሼንም አስገባች። ጋሼ አልወደዱትም። «ይሄ በጽሑፍ የሚወራ ነገር አይደለም» አሉ። ሌላ መንገድ ሲያጡ ግን «እንግዲያው ሸፈን አድርጉት። አባት የሚል ቃል እንዳይጻፍ፣ ሞት የሚል ቃል እንዳይጻፍ» ብለው በየወንበራችን እየዞሩ በጆሯችን ነገሩን።

ግሩፑ ስክሪኔ ላይ ብቅ እንዳለ መመሪያው ትዝ አለኝ። የቡድን መሪ፣ ባይጨመርም ይታየዋል። ያንን ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ ተናግሬ የተሳቀብኝም እኔ ነኝ። ከዚያ ክፍል ውስጥ ይሄን የሚያስታውስ ሌላ ሰው አልነበረም። ማዳመጫዬን አውልቄ ልነግራቸው ተነሳሁ። እውነቴን ነው፣ ቆሜ ነበር።

ቆሜ ሳለሁ ዝርዝሩ መጣ። ሌሊት ቤቷ የሚሄዱ ሰዎች ስም ነው። የሚናገሩት ጋሼ፤ ከግራና ከቀኟ የሚቀመጡት የሰው ኃይሏ ልጅና ሌላዋ የቡድናችን ልጅ፤ መኪና ይዞ በር ላይ የሚጠብቀው ሥራ አስኪያጁ። የእኔ ስም የለም። ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ አየሁት። የለም።

ተመልሼ ተቀመጥኩና ጻፍኩ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «አባቷን በአካል የማውቃቸው እኔ ብቻ ነኝ። ቤታቸው አድሬያለሁ። የአባቷን ሞት ከእኔ ቀድሞ ማንም ሊነግራት አይገባም።» ከዚያ ላክሁት።

ጋሼ ወዲያው መጡ። ጎንበስ ብለው ስክሪኔን በጣታቸው ጠቆሙ። «ልጄ፣ ምን ብዬ ነበር? በይ አጥፊው» አሉኝ።

«እሺ ጋሼ» አልኳቸው። አላጠፋሁትም። ሁሉም ሰው ሳያየው እንዲጠፋ አልፈለግኩም፤ ሌሎቹ ደንበኛ እያነጋገሩ ስለነበር ገና አላዩትም፣ እኔ ደግሞ እያንዳንዳቸው አይተው እንዲያፍሩ ፈለግሁ። እሷ ስብሰባ ላይ ናት፣ ከመውጣቷ በፊት አጠፋዋለሁ አልኩ ለራሴ። ከዚያ ስልክ ገባልኝ። ጫማዬ አልደረሰኝም የሚል ሰውዬ ነው። ከዚያ ሌላ ስልክ ገባ፣ ከዚያ ሌላ።

አራተኛው ሰውዬ ላይ እያለሁ እሷ ማስታወሻ ደብተሯን ልትወስድ ከመስታወቱ ክፍል ብቅ አለች። ሥራ አስኪያጁ ከኋላዋ «እኔ አመጣልሻለሁ» ሲል ሰማሁት። እሷ ግን ወንበሯ ላይ ደርሳለች። ቆማ እያለች ስክሪኗን ነካ አደረገች። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘግቼ ልሮጥ እችል ነበር። ደንበኛ ላይ የዘጋ ሰው ነጥብ ይቀነስበታል። እኔም ይቅርታ ጌታዬ፣ አሁኑኑ አጣራልዎታለሁ እያልኩ በእንግሊዝኛ ቀጠልኩ፤ ዓይኔ እሷ ላይ ነው። እጇ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ረጅም ጊዜ አነበበች፤ ሦስት መስመር ነበር፣ ግን ረጅም ጊዜ አነበበች።

ከዚያ ሦስቱን እርምጃ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«አባዬ መቼ ነው የሞተው?» አለችኝ፣ በቀስታ፣ ደንበኛዬን እንዳትረብሽ ብላ ይሁን አላውቅም።

ማዳመጫውን አወለቅኩ። «ዛሬ ጠዋት» አልኳት። ደጋፊ የለ፣ ሽማግሌ የለ፣ ወንበር እንኳን አላቀረብኩላት።

የጮኸችው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ያን የሚያህል ሰው በአንዴ የማይክራፎኑን መዝጊያ ሲጫን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ አደረግነው፤ ሰው ሲያለቅስ መጀመሪያ እጃችን የሄደው እዚያ ነው፣ ሠልጥነናል። የእኔ ግን አልተዘጋም ነበር። ጠረጴዛው ላይ ካለው ማዳመጫ ውስጥ ሰውዬው «ሄሎ? ሄሎ?» ይላል። ጋሼ ኮታቸውን አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጣሉላትና «አይ ልጄ፣ አይ ልጄ፣ በደልንሽ» እያሉ አብረዋት መሬት ላይ ተቀመጡ። ሥራ አስኪያጁ ውኃ አምጡ፣ ውኃ አምጡ ይላል። እኔ ወደ እሷ መጠጋት አልቻልኩም። በዚያው ሰዓት መኪና ተገኝቶ ወደ አገሯ ወሰዷት።

የሰው ኃይሏን ልጅ ኮሪደር ላይ አግኝቼ «ለምን ስሜን ተውሽው?» አልኳት። ዓይን አውጣ ነኝ እኮ፤ ያኔም ይሄን ነው የጠየቅኩት። ልጅቷ ደንግጣ «አብራችሁ ስትበሉ አይቼ ስለማላውቅ የተኳረፋችሁ መስሎኝ ነው» አለች። እውነቷን ነው።

ከሥራ ስንወጣ ሳጥኔን ከፍቼ ስልኬን አበራሁት። ከወንድሟ አራት ያልተነሳ ጥሪ። ሁሉም ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ለቢሮው ከመደወሉ በፊት። አንድ መልእክትም ነበር፦ «አባባ አርፏል። እባክሽ ስታዪው ደውዪልኝ። የምትነግሪያት አንቺ ነሽ፣ ከአንቺ ሌላ የምናምነው ሰው የለም።» ኢምፔሪያል ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ጎሮ ጎሮ የሚል ታክሲ አጠገቤ ቆሞ ሲጠራ ዝም ብዬ አለፍኩት።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ሰበሰበን። ሐዘናችን ከባድ ነው አለ፤ ከዚያ ከዛሬ ጀምሮ የቡድን መሪዎች ግሩፖቻችሁን አያዩም፣ ግላዊነታችሁን እናከብራለን አለ። «ታዲያ ማን ያየዋል?» አሉት ጋሼ። «እኔ ብቻ» አለ። በስብሰባው ላይ ያልኩት ሁሉ ልክ ነበር ማለት ነው። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም፤ እኔም ቀና ማለት አልቻልኩም።

ከቀብር ተመልሳ ቦሌ ሚካኤል ቤቷ ለቅሶ ተቀመጠች። ማክሰኞ ከቢሮ በሚኒባስ ሄድን። ድንኳኑ ግቢው ጠቦት እስከ በሩ ወጥቷል። ጎረቤት ያለው ብረታ ብረት ቤት ሥራ አቁሞ ሠራተኞቹ አግዳሚ ወንበር ያቀብላሉ። ጥቁር ለብሳ፣ ፊቷ ከስሎ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ወንድሟ ከጎኗ ወንበር ላይ ነው። ጎንበስ ብዬ ስስማት እጄን ያዘችና ወደ ራሷ ሳበችኝ።

«ሰዓቱ እኮ ይታያል» አለችኝ። «ከጻፍሽበት እኔ እስካየሁበት አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው።»

«ረሳሁት» አልኳት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

«ማጥፋቱን ረሳሽው? ወይስ እንደሚታየኝ ረሳሽው?» ዓይኔን አየችው። «አንቺ? ያንን ነገር አንቺ ረሳሽው?»

እጄን ለቀቀችው። ወንድሟ ድምፃችንን ሰምቶ ዞረ፤ ማን እንደሆንኩ ወዲያው ለየኝ። ተነስቶ አቀፈኝና «አንቺ ጋ ነበር እኮ ቀድሜ የደወልኩት። ምን ዋጋ አለው፣ አንዱ ኮምፒውተር ላይ አየች ይለኛል፣ አንዱ ሰው ነገራት ይለኛል። ተቃጥዬ ነው የሰነበትኩት። እሷ ደግሞ ስጠይቃት ዝም ትለኛለች» አለ።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ወደ እኛ ያያል። እሷ ቀና አለች፤ እኔን አይደለም የምታየው፣ ወንድሟን ነው።

«እሷ ናት የነገረችኝ» አለችው።

ፊቱ ሲፈታ አየሁ። «ተመስገን። እንኳን አንቺ ሆንሽ፣ እግዜር ይስጥሽ» አለኝና ከጎኗ ያለውን ወንበሩን ለቀቀልኝ። አንድ ሽማግሌ «ተቀመጪ እንጂ ልጄ» አሉ። ተቀመጥኩበት።